ይድነቃቸው ተሰማና የሠላሳዋ ደቂቃ ሕግ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ዘጠናው ደቂቃ ሲያልቅ ውጤቱ ሁለት ለሁለት ነበር። ባንድ በኩል ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ፣ በሌላው በኩል በዚያ ዘመን የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ እየተባለች የምትጠራው ግብፅ ቆመዋል። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ባለቤት ገና አልታወቀም። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ብዙዎቻችን ከአባቶቻችን ሰምተነዋል፤ ኢትዮጵያ አራት ለሁለት አሸነፈች፣ ንጉሠ ነገሥቱም ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሰጡ።

ይህን ታሪክ ስንተርከው ሁልጊዜ ጎሎቹን እንቆጥራለን። ጎሎቹ የተቆጠሩባትን የሠላሳ ደቂቃ ጭማሪ ግን አንመረምራትም። ሕግ የተማረ ሰው አመል ሆኖብኝ እኔ ከጎሎቹ ይልቅ ደንቡ ይስበኛል። እኩል የወጡ ሁለት ተፋላሚዎችን እንዴት ትለያቸዋለህ? በዕጣ ነው? መጀመሪያ ያገባ ያሸንፍ ብለህ ነው? ወይስ ለሁለቱም እኩል ጊዜ ጨምረህ? ጥያቄው የኳስ ብቻ አይደለም፤ የዳኝነት ጥያቄ ነው። በዚያች ዕለት ከሜዳው ጠርዝ ሆነው ቡድናቸውን ይመሩ የነበሩት ሰው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር የኖሩ ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ ጅማ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማን የማያውቅ የቅኔና የዘፈን ወዳጅ የለም፤ ጀርመን አገር ድረስ ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረፁ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። በግጥምና በንግግር ችሎታቸው በዘመናቸው የተፈሩና የተወደዱ ሰው ነበሩ። ልጅየው የአባታቸውን ማሲንቆ አልወረሱም። የአንደበቱን ስለት ግን ወርሰዋል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ያ አንደበት ኋላ ላይ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች መድረክ ላይ ብዙ ሥራ ሠርቷል።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና ጎረምሳ ነበሩ። በዚህ ቡድን ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተዋል፤ የብሔራዊ ቡድኑን መለያም ለብሰዋል። ቡድኑ በተመሠረተ በወራት ውስጥ አገሪቱ በፋሺስት ኢጣልያ ተያዘች። ወራሪው የዘር ሕግ አመጣ። ነጭና ጥቁር በአንድ ወንበር እንዳይቀመጡ፣ በአንድ መንገድ እንዳይሄዱ የሚከለክለው አስተዳደር ኳስ ሜዳውንም አልተወውም። ኢትዮጵያውያን ለብቻቸው፣ ኢጣልያውያን ለብቻቸው እንዲጫወቱ ሆነ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም እንኳ ተፍቆ ወራሪው በወደደው ስም ተተካ።

ይህን ጊዜ ልብ እንበለው። አንድ ወጣት በገዛ አገሩ ሜዳ ላይ፣ ኳስ መጫወት ሳያቅተው፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት ብቻ ከውድድር ተከልክሏል። ያሸነፈው ተጋጣሚ የለም፤ ያገደው ደንብ ነው። ደንብ ክፉ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ይድነቃቸው በመጽሐፍ አላነበቡትም፤ በራሳቸው ላይ ደርሶ አዩት።

ነፃነት ሲመለስ ይድነቃቸው መጫወቱን ሳይተዉ ወደ ጽሕፈት ቤትም ገቡ። የአገሪቱ ስፖርት ቢሮ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። መተዳደሪያ ደንብ አረቀቁ፤ የልዩ ልዩ ስፖርቶችን ዓለም አቀፍ ሕጎች ወደ አማርኛ መለሱ። ተመልካች የማያጨበጭብለት ሥራ ነው። ነገር ግን ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ለምን እንደነፋ ተጫዋቹ በገዛ ቋንቋው እንዲያውቅ ያደረገው ይኸው ሥራ ነው። ሕግ በማይታወቅ ቋንቋ ከተጻፈ ለባለጉዳዩ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። እኛ የሕግ ሰዎች ይህን በየፍርድ ቤቱ ኮሪደር በየቀኑ የምናየው ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ የማነሣቸውን ዓለም አቀፍ ውድድሮችና ጉባኤዎች አንባቢ እንዳይደናገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳቸዋለሁ።

በየካቲት ወር 1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ካፍ፣ ካርቱም ላይ ሲመሠረት ኢትዮጵያን ወክለው ከተገኙት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። አራት አገሮች፣ አንድ ዋንጫ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም አለች። ወይ ሁሉም ነጭ፣ ወይ ሁሉም ጥቁር ይሁን ነበር አቋሟ። ሦስቱ አገሮች አልተቀበሉትም፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ቀረች። ከእሷ ጋር ልትጋጠም የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜው ግብፅ አራት ለዜሮ አሸነፈችን። በ1959 ካይሮ ላይ በተደረገው ሁለተኛው ዋንጫም ያው ግብፅ፣ ያው አራት ለዜሮ።

እንግዲህ በ1962 አዲስ አበባ ላይ የገጠምነው የሁለቱንም ዋንጫዎች ባለቤት ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ኢትዮጵያ ቱኒዚያን አራት ለሁለት ስትረታ፣ ግብፆች ዑጋንዳን ሁለት ለአንድ አሸንፈው መጡ። የፍጻሜው ጨዋታ በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ባገባት ጎል በእንግዶቹ መሪነት ቀጠለ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ በ75ኛው ያው ባዳዊ ደገመ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረገው። መደበኛው ሰዓት አለቀ።

አሁን ወደ ሠላሳዋ ደቂቃ መጣን። ደንቡ ቀላል ነው። አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያላቸው ሁለት ክፍለ ጊዜያት ይጨመራሉ። በመካከል ቡድኖቹ ሜዳ ይቀያየራሉ፤ ነፋሱም ፀሐዩም ለሁለቱም እኩል ይደርሳል። ጎል ቢገባም ባይገባም ሠላሳዋ ደቂቃ እስክታልቅ ይጫወታሉ። ሳንቲም የሚጣለው ማን በየትኛው በኩል እንደሚቆምና ማን እንደሚጀምር ለመለየት ያህል ነው። የጨዋታው ዕድል በሳንቲሙ ላይ አልተንጠለጠለም።

በ101ኛው ደቂቃ የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ። ከዚህ በኋላ ግብፆች አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነበራቸው። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ማጥቃት፣ አቻ ማድረግ፣ ዋንጫውን መመለስ ይችሉ ነበር። አልቻሉም። በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረና ነገሩን ዘጋው። የዚያን ቀን ድል ክብር ያለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ተሸናፊው ለመመለስ በቂ ጊዜ ተሰጥቶት ነበር። ጥሩ ሕግ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ነገሩ ካበቃ በኋላ የተሸነፈው ወገን ተበደልኩ የሚልበት ቀዳዳ አያገኝም።

ሁሉም ሰው በዚህ አይስማማም። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስጓዝ እንፍራንዝ ላይ ለቁርስ ወርደን ነበር። ሻይ ቤቱ ውስጥ ማታ በቴሌቪዥን ያዩትን ጨዋታ የሚከራከሩ ወጣቶች አጠገቤ ተቀምጠዋል። አንደኛው በጭማሪው ሰዓት መጀመሪያ ያገባ ወዲያው ማሸነፍ አለበት፣ የተረፈው ደቂቃ ሰው ማድከም ነው ይላል። ሌላው በአንድ ድንገተኛ ጎል ዋንጫ መስጠት ግፍ ነው ብሎ ይሞግታል። እኔንም ጋሼ ይፍረዱን አሉኝ። እኔም መልሼ በ1954 የአፍሪካ ዋንጫን ያመጣልን አሠልጣኝ ማን ነበር ስል ጠየቅኋቸው። መንግሥቱ ወርቁ ያለ አለ፤ ሉቺያኖ ያለ አለ። የይድነቃቸውን ስም ያነሣ አልነበረም። ስለ ጭማሪ ሰዓት ሲሟገቱ ግን ሳያውቁት የእሳቸውን ክርክር እየተከራከሩ ነበር።

የመጀመሪያው ወጣት ሐሳብ በዓለም ላይ ተሞክሯል። ወርቃማ ጎል የተባለው ደንብ በ1990ዎቹ መጥቶ በ1996 የአውሮፓን ዋንጫ ለጀርመን፣ በ2000 ደግሞ ለፈረንሳይ ሰጠ። ታሰበ የተባለው ቡድኖች እንዲያጠቁ ነበር፤ የሆነው ግን አንዲት ስህተት ጨዋታውን እንዳትጨርስባቸው ፈርተው ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነው። በ2004 ደንቡ ተሻረ። ይህ ደንብ በ1962 ቢኖር ኖሮ ጨዋታው በ101ኛው ደቂቃ ባበቃ ነበር። እኛ ያው ባሸነፍን፤ ግብፆች ግን አሥራ ዘጠኙን ደቂቃ በተነፈጉ፣ የመንግሥቱ ወርቁም ጎል ባልኖረ።

አሜሪካኖች በራሳቸው እግር ኳስ፣ በዚያ በእጅ በሚያዘውና የራስ ቁር በሚደረግበት ጨዋታ፣ ይህን ትምህርት ለመማር ብዙ ዓመት ወስዶባቸዋል። በ1958 የሊጉ የዋንጫ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጭማሪ ሰዓት ሲሄድ ደንቡ መጀመሪያ ነጥብ ያገኘ ያሸንፍ የሚል ነበር፤ ባልቲሞር ኒው ዮርክን በዚሁ ረታች። በ1974 ይኸው ደንብ ለዓመቱ መደበኛ ጨዋታዎችም ተዘረጋ። ችግሩ ያለው ከጨዋታው ጠባይ ላይ ነው። በዚያ ስፖርት ኳሱን የያዘው ቡድን ያጠቃል፣ ሌላው ይከላከላል፤ ኳሱን በመጀመሪያ የሚይዘውን የሚለየው ደግሞ የሳንቲም ዕጣ ነው። ስለዚህ ሳንቲም የወጣለት ቡድን ገስግሶ ነጥብ ካገኘ የሌላው ቡድን አጥቂዎች ኳሱን ሳይነኩ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ከ2010 ጀምሮ ደንቡ ጥቂት ተሻሻለ። መጀመሪያ ኳሱን የያዘው ቡድን ኳሷን በምት በምሰሶዎቹ መሐል አሳልፎ የሚያገኘው ሦስት ነጥብ ብቻ ከሆነ ሌላው ወገን መልስ የመስጠት ዕድል እንዲያገኝ ተፈቀደ። ኳሱን ይዞ መጨረሻው መስመር ከደረሰና ስድስት ነጥብ ካስመዘገበ ግን ጨዋታው ያበቃል። በጥር 2022 ካንሳስ ሲቲ በዚህ መንገድ ቡፋሎን አሸነፈ፤ እስከ መደበኛው ሰዓት መጨረሻ ድንቅ ሆኖ የዋለው የቡፋሎ ኳስ አከፋፋይ በጭማሪው ሰዓት አንዴም ሳይሞክር ወጣ። ጩኸቱ በረታ። በዚያው ዓመት ለጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች፣ በ2025 ደግሞ ለመደበኛዎቹ ጭምር፣ ሁለቱም ቡድኖች ኳሱን የመያዝ ዕድል እንዲኖራቸው ተደነገገ። በየካቲት 2024 በተደረገው የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ ሳን ፍራንሲስኮ መጀመሪያ ኳሱን ይዞ ሦስት ነጥብ አገኘ፤ ካንሳስ ሲቲ በተራው መልሶ ስድስት አስመዝግቦ 25 ለ22 ረታ። ሁለቱም ተናገሩ፣ ሁለቱም ተሰሙ።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነውን? በቀድሞው የአገራችን ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በላ ልበልሃ እየተባባሉ በየተራ ይቆሙ ነበር። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው ይነሣል፤ አንደኛው ብቻ ተሰምቶ የሚበየን ፍርድ ፍርድ አይባልም። የዘመናችንም የሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረቱ ይኸው ነው። ነጋድራስ ተሰማን የመሰለ ቃል አዋቂ አባት የነበራቸው ልጅ ተራ የሚባለውን ነገር ዋጋ ከቤታቸው ሳያውቁት አልቀሩም።

እኩል የሆነ ሕግ ደግሞ ለሚወደውም ለሚጠላውም ያው ነው። በ1968 የአፍሪካ ዋንጫ እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በግማሽ ፍጻሜው ከኮንጎ ኪንሻሳ ጋር ሁለት ለሁለት ተለያየን፤ ያችው የሠላሳ ደቂቃ ጭማሪ መጣች። ኮንጎ በጭማሪው ሰዓት ሦስት ለሁለት አሸነፈችን፤ በኋላም ዋንጫውን ወሰደች። በገዛ ሜዳችን፣ በገዛ ሕዝባችን ፊት ሆነ። መራራ ነው፤ ግፍ ግን አልነበረም።

ግፍ የነበረው ሌላ ቦታ ነው። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ አሥራ ስድስቱን ቦታ ሲያከፋፍል አሥሩን ለአውሮፓ፣ አራቱን ለደቡብ አሜሪካ፣ አንዱን ለሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ሰጠ። የቀረችውን አንዲት ቦታ አፍሪካ፣ እስያና ኦሺኒያ ተፎካክረው ይውሰዷት አለ። አፍሪካዊው አሸናፊ አህጉሩን አሸንፎ ሲያበቃ ገና ሌላ ጭማሪ ግጥሚያ ይጠብቀዋል ማለት ነው። አውሮፓዊውን የማይጠብቀው ጭማሪ። አቶ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ይህን ተቃወሙ፤ የአፍሪካ አገሮችም ማጣሪያውን ረግጠው ወጡ። ውጤቱ ዘግይቶ መጣ፤ ለ1970ው ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፣ ሞሮኮም ሄደች። በ1982 ሁለት ሆነ። ለ2026ቱ ዋንጫ የአፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ ዘጠኝ ደርሷል። የዘጠኙ መነሻ ያ እምቢታ ነው።

በ1972 አቶ ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው አሥራ አምስት ዓመት መሩ። በእሳቸው ዘመን የአፍሪካ ዋንጫ አቻ መውጣትን የሚፈታበት መንገድ ራሱ የሚያጠግብ ታሪክ አለው። በ1974 ካይሮ ላይ ዛየርና ዛምቢያ ከጭማሪው ሰዓት በኋላም ሁለት ለሁለት ስለሆኑ ከሁለት ቀን በኋላ ጨዋታው እንደ አዲስ ተደግሞ ዛየር ሁለት ለዜሮ አሸነፈች። በ1976 አዲስ አበባና ድሬዳዋ ባስተናገዱት ውድድር ደግሞ የፍጻሜ ጨዋታ የሚባል አልነበረም፤ አራት ቡድኖች እርስ በርስ ተጫውተው በነጥብ ተለዩ። ሞሮኮ በመጨረሻው ጨዋታ ከጊኒ ጋር አንድ ለአንድ ወጥታ በአቻ ውጤት ዋንጫ ወሰደች። በ1982 ጋናና ሊቢያ ከ120 ደቂቃ በኋላም አንድ ለአንድ ሆነው ቀሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ በመለያ ምት ተወሰነ፣ ጋና ሰባት ለስድስት አሸነፈች። መለያ ምት በ1970 ወደ ዓለም አቀፉ ደንብ ሳይገባ በፊት ጣልያንና ሶቪየት ኅብረት በ1968 የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በሳንቲም ውርወራ እንደተለዩ ስናስታውስ፣ መለያ ምቱ ምንም ቢያስጨንቅ ቢያንስ ከሰው እግር የሚወጣ መሆኑ ያጽናናል።

በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ካፍ ከካርቱሙ አቋም ፈቀቅ አላለም። ፊፋ በ1961 አግዷት፣ በ1963 እግዱን አንሥቶላት፣ በ1964 መልሶ አግዷት ነበር። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ጨርሶ አስወጣት። ይህ ሁሉ ዓመታት የወሰደ የጉባኤ ሙግት ነው፤ ከግንባር ቀደም ተሟጋቾቹ አንዱም በወጣትነታቸው በአዲስ አበባ ሜዳ የዘር ሕግ የከለከላቸው ሰው ነበሩ።

ሰው ነበሩና ሁሉም ሐሳባቸው አልሰመረም። ኳስ የፍቅር እንጂ የገንዘብ ሥራ እንዳትሆን ይመኙ ነበር፤ የአፍሪካ ልጆች ወደ አውሮፓ ክለቦች መፍለስም ያንገበግባቸው ነበር። አገር ከውጭ የምትጠራቸውን ተጫዋቾች ለሁለት የገደበው የካፍ ደንብ ከ1965 ጀምሮ ቆይቶ በ1982 ቀረ። ዘመኑ በሌላ መንገድ ሄደ። ዛሬ የአፍሪካ ብሔራዊ ቡድኖች በአብዛኛው በአውሮፓ ተጫዋቾቻቸው የቆሙ ናቸው። እሳቸው የፈሩት የአገር ውስጥ ሊግ መራቆት ግን ቅዠት ነበር የሚል አላጋጠመኝም።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ የቡሄ ዕለት፣ አረፉ። በዕንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ ያረፉት ሰው ስድሳ ስድስተኛ ዓመታቸውን ሊይዙ የቀራቸው ጥቂት ቀን ነበር። ደቡብ አፍሪካ ተለውጣ በ1992 ወደ ፊፋ ስትመለስ አላዩም።

ከእሳቸው የወረስነው ምንድን ነው? ዋንጫው አንድ ነው፤ ከ1954 ወዲህ ሁለተኛ አላመጣንም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ብሔራዊ ቡድናችን ባሕር ዳር ላይ ደቡብ አፍሪካን ካስተናገደ በኋላ ካፍ ስታዲየሙ ደረጃውን አያሟላም አለ። በቀጣዩ ወር ጋናን ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት የሜዳችንን ጨዋታ በሰው አገር አደረግን። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ካፍን የመሠረትን እኛ ነን፣ እንዴት እኛን ይከለክላል ሲል ሰምቻለሁ። ቁጭቱ ይገባኛል። ክርክሩ ግን አያስኬድም። መሥራች ለነበረችው ደቡብ አፍሪካ ያልቀለለ ደንብ ለመሥራቿ ኢትዮጵያም አይቀልም፤ ይህን መርህ ካቆሙት አንዱ የእኛው ሰው ነበሩ። መልበሻ ክፍሉን፣ መብራቱንና ሣሩን ማስተካከል የእኛ ፈንታ ነው።

የይድነቃቸው ውርስ ለእኔ አንድ ጥያቄ ነው፤ ከኳስ ሜዳ ውጭም በምርጫ፣ በጨረታ፣ በሥራ ቅጥር፣ በፍርድ ቤት ልንጠይቀው የሚገባን። ደንቡ ከጨዋታው በፊት ታውቋል ወይ? ለሁለቱም ወገን እኩል ደቂቃ ይሰጣል ወይ? ተሸናፊው ሜዳውን ለቅቆ ሲወጣ ተራዬን ተነጠቅሁ የሚልበት ምክንያት ይኖረዋል ወይ? በ1954 ዓ.ም. ከሜዳ የወጡት ግብፆች ይህ ምክንያት አልነበራቸውም። ስለዚህ ዋንጫው እስከ ዛሬ የእኛ ነው።